ኤቢሴና ኢብሴ

የአልኮል ጥጥ ሽታ እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል። ነርስ ሆኜ፣ ቀኑን ሙሉ እያሸተትኩት። አሁን አዲስ ዓለም ከተማ አብራኝ የምትሠራው ልጅ «አርግዘሽ ነው እንዴ?» እያለች ትስቅብኛለች። አላረገዝኩም። ነገሩ ሌላ ነው፤ ላንተ ልንገርህ።

ኮሮና ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት ነው። አምቦ፣ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ነርሲንግ እማር ነበር። ለልምምድ ወደ ባኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። በቆሎ የጫኑ መኪኖች ባለፉ ቁጥር የሚንቀጠቀጠው መስኮት፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚወርደው ወበቅ አሁንም ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። የምታሠራኝ ነርስ ከሩቅ አገር ተመድባ የመጣች ነበረች፤ ተለማማጆቹ ሲስተር እንላታለን። እጇ ፈጣን ነው፣ ሥራዋን ታውቃለች። የአካባቢውን ስም ግን አፏ አይችለውም። ይሄ ነውር አይደለም፤ እኔም ያላደግኩበትን ስም እሰብራለሁ። የእሷ ግን መስበር ብቻ አልነበረም። ለሜሳን ለሜቻ ብላ ጠርታ ሰውዬው ዝም ሲል «ደንቆሮ ነው እንዴ?» ትላለች። ከዚያ የባላገሩን አነጋገር እያስመሰለች ለካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ታወራለታለች።

እኔ እስቃለሁ። ኦሮምኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው፤ የምትስቅባቸው ሰዎች እንደ አክስቶቼ ነው የሚናገሩት። ግን የልምምድ ውጤቴ በእሷ እጅ ነበርና እስቃለሁ። ከሁሉ በላይ የሚያንገሸግሸኝ ያ ሳቄ ነው።

ጥምቀት እንዳለፈ፣ አንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ፣ ሁለት ሴቶች አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። አንዷ ኢብሴ ትባላለች፤ ብርሃን እንደ ማለት ነው። አራት ወልዳለች፤ የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ልትወጋ ነው የመጣችው። ሌላዋ ኤቢሴ ናት፤ ምርቃት እንደ ማለት። ድንቿን ይዛ ከደጋ የወረደች፣ ሰባት ዓመት በትዳር ኖራ ልጅ ያልወለደች ሴት። የማህፀን ኢንፌክሽን አለብሽ ተብላ መርፌ ታዞላታል።

ሲስተር በበሩ ብቅ ብላ «እብሴ!» ብላ ጮኸች። በእሷ አፍ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሁለቱም ቀና አሉ። የደጋዋ ቀድማ ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆም አለችና ወደ እኔ ዞራ፣ «ማቃን ኮ ኤቢሴ» አለችኝ፤ ስሜ ኤቢሴ ነው ማለቷ ነው። ቀስ ብላ፣ «ቢ»ዋን ጠበቅ አድርጋ። ጥርት አድርጌ ሰማኋት።

«ሲስተር፣ ኤቢሴ ነኝ እያለች ነው» አልኩ።

«ያው አይደል እንዴ! ግቢ አንቺ! አንቺም ቶሎ ውጊያት፣ ሰው ተሰልፏል።»

የአባቷን ስም መጠየቅ ነበረብኝ። ካርዱን ገልጦ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ክንዷን በአልኮል ጥጥ ጠረግኩና ሲስተር ያቀበለችኝን መርፌ ወጋኋት። «ገለቶሚ» ብላ አመሰገነችኝ።

ቀጥላ የገባችው ኢብሴ «የኔ የሦስት ወሩ ነው» ስትል ነው ሲስተር ባዶውን ብልቃጥ ያየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ሴትዮዋን ወግታ ከሸኘች በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ዝም በይ» አለችኝ። «ሦስት ወር ነው፣ ይለቃታል። ስሟን አጥርታ ብትናገር ይሄ አይመጣም ነበር።»

ስሟን አጥርታ! በምሳ ሰዓት ደግሞ ለካርድ ክፍሉ ሠራተኛ «ማቃን ኮ» እያለች አስመሰለችለት። ተሳሳቁ። እኔም ጥርሴን አሳየሁ። ከዚያ ከሕንጻው ጀርባ ሄጄ የበላሁትን ሁሉ አስመለስኩ።

ለመናገር አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ድንቿን በመደብ በመደብ ስትከምር አገኘኋትና አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«አዴ ኤቢሴ፣ ያን ቀን የወጋሁዎት የእርስዎን መድኃኒት አልነበረም። እርግዝና የሚከላከለው ነው። ሦስት ወር ይቆያል፤ ከዚያም በላይ ሊያቆይ ይችላል።»

እጇ ድንቹ ላይ ቀረ።

«እንዳረግዝ የባሌ ወገኖች እስከ ፋሲካ ነበር የሰጡኝ» አለች።

አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ብትሰድበኝ በወደድኩ። «ያን ቀን ስሜን ስነግርሽ ሰምተሽኝ ነበር?» አለችኝ።

«ሰምቼዎት ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። ድንቿን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ አብራኝ ሄደች። ሁሉንም ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ነገርኩት፤ የታዘዘላትን መድኃኒት በዚያው ቀን ሰጧት። የተወጋችውን ግን ማንም ሊያወጣላት አልቻለም። በኋላ ሲስተርን ሌላ ቦታ አዛወሯት፤ እኔ ልምምዱን እንደገና ጀመርኩ።

ለኃላፊው በነገርኩት ቀን ኤቢሴን እስከ በሩ ሸኘኋት። ነጠላዋን እያስተካከለች «የአንቺስ ስም ማነው?» አለችኝ። ነገርኳት። አንድም ፊደል ሳትስት፣ እናቴ እንደምትጠራው አድርጋ ጠራችው። ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ደግሞ አንድ ጊዜ ደገመችው። አንገቴን ደፋሁ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ገበያው ላይ ፈለግኋት። ቦታዋ ላይ ድንች የምትሸጠው ሌላ ሴት ነበረች። ኤቢሴ የት እንዳለች ጠየቅኋት።

«ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች» አለችኝ።