የውሃ ቀጂው ትከሻ

ነገርን ማስረዳት እወዳለሁ። ይህን ጠባዬን ተማሪዎቼ በደንብ ያውቁታል፤ ጨረቃ ለምን ትጎድላለች ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ ገና ሳይቀመጥ እኔ ሎሚና ፋኖስ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬአለሁ። መልካም ጠባይ እንደሆነ አምኜ ኖሬአለሁ። አዳማ ላይ በአንድ ሰው ላይ ያደረስኩትን ካየሁ ወዲህ ግን ጠመኔ ሳነሳ እጄ ይከብደኛል። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ሰው ነው፤ እንደ ልማዴም ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ከአዲስ አበባ በባቡር ወርጄ አዳማ ስገባ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከባቡር ጣቢያው አጥር ጋር የተጣበቀ አንድ ክፍል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ አቧራው በቆርቆሮው ስንጥቅ እየገባ የጻፍኩትን ይሸፍናል። በመስኮቱ በኩል ባቡሩ ውሃ የሚሞላበት ትልቅ የብረት ጋን ይታያል። ከጋኑ ሥር ሁልጊዜ አንድ ሰው አለ፤ ሰፈሩ ሁሉ ውሃ ቀጂው ይለዋል። ሥራው ከጉድጓዱ ውሃ በመዘውር እየሳበ ጋኑን መሙላት፣ ባቡሩ ሲደርስ ደግሞ የሸራውን ቱቦ ዘርግቶ ማጠጣት ነው። አጭር ነው፤ አንድ ጉልበቱ ስለሚያመው ሲሄድ ትንሽ ያነክሳል። የመጣው ከቦሰት በኩል ነው፤ አማርኛውን የለመደው እዚያው ጣቢያው ላይ ነበር። ተሳፋሪው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ እንቁላል ሻጮቹን ይጣራል፣ ከፈረንጁ ባቡር ነጂ ጋር በጥቅሻ ይነጋገራል፤ ውሃ ቀጂውን ግን ልብ የሚለው የለም። እኔም ስድስት ወር ሙሉ በየቀኑ ፊት ለፊቴ ቆሞ መልኩን አልያዝኩትም ነበር።

በዕድሜ አሥር ዓመት ቢበልጠኝ ነው። እኔ አንተ እለዋለሁ፣ እሱ እርስዎ ይለኛል። አስተማሪ ስለሆንኩ ይህ ተገቢ መስሎኝ ነበር።

የልደት ዕለት ከጣቢያው በስተጀርባ ባለው ሜዳ ጣቢያ ሰፈርና ገበያ ሰፈር ገና ይጫወታሉ። ሩሯ ከወይራ ሥር የተጠረበች ድቡልቡል እንጨት ናት፤ ጫፉ በተቆለመመ ዱላ እየመታ ከባላጋራው ድንበር ያሳለፋት ያሸንፋል። የዚያን ዕለት ሌላም ሕግ አለ። ማንም ማንንም ቢሰድብ ቂም አይያዝም። በዚያ በመጀመሪያው ዓመት አገረ ገዢው በበቅሎ ሊያይ ሲመጣ ተጫዋቾቹ ሆዱን እያነሱ ገጠሙበት፤ እሱም ሆዱን ይዞ ሳቀ። በማግስቱ ያንኑ ግጥም የደገመ ሰው ግን ጅራፍ ይጠብቀዋል። ፈቃዱ ፀሐይ እስክትጠልቅ ብቻ ነው።

ውሃ ቀጂውን መጀመሪያ ያየሁት ያን ዕለት ነው ብል እውነት ነው። ሜዳው ላይ መቶ የሚሆን ሰው ይራኮታል፣ አቧራው ጥቅጥቅ ብሏል፣ ዱላ ከዱላ ይጋጫል። ድንገት ሩሯ እሱ እግር ሥር ደረሰች፤ እሱም ቆመ። ሌላው ሁሉ ሩሯን ሲያገኝ ይሮጣል፤ እሱ ግን ዱላውን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ ቀኝ አሻግሮ እያየ፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ይቆማል። ያን ጊዜ የተመልካቹ ድምፅ እንደ ተቆረጠ ገመድ ጸጥ አለ። አጠገቤ እንስራ ያዘለች ሴት ነበረች፤ እሷም ትንፋሿን ስትይዝ ሰማሁ። ከዚያ ሩሯ ማንም ባልጠበቃት በኩል፣ በግራ፣ በሁለት ሰዎች እግር መካከል አልፋ ሄደች። ሴትየዋ ራሷ የመታች ይመስል ተንፍሳ ሳቀች። ሲሮጥ ማነከሱም ቀርቶ ነበር።

የገበያ ሰፈር ሰዎች ሳይቀሩ ሌላውን ትተው እሱን ነበር የሚያዩት። ጣቢያ ሰፈር አሸነፈ፤ ውሃ ቀጂው በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ሲዞር ማነው ብዬ ጠየቅሁ። የጣቢያው ጠባቂ ከት ብሎ ሳቀብኝ። “መምህር፣ በየቀኑ በመስኮትዎ የሚያዩትን ሰውዬ!”

በማግስቱ መዘውሩን ሲያዞር አገኘሁት። ተሳፋሪው እንቁላል ሻጮቹን ይጣራ ነበር።

እንግዲህ ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። በገበያው የሚወራው ዱላው ላይ መድኃኒት አስሯል፣ ዛር አለበት የሚል ነበር። እኔ ደግሞ በዚህ ዓይነት ወሬ የምናደድ ሰው ነኝ። አንድን ተራ ሰው አገር እንዲያየው የሚያደርገው ምን እንደሆነ ምክንያቱ ይገኛል፣ ተገኝቶም ይጻፋል አልኩ። ደብተር አዘጋጅቼ ለየነገሩ ዓምድ አሰመርኩ፦ አቋቋሙ፣ ዓይኑ፣ እጁ፣ እርምጃው። ባቡር በሌለበት ሰዓት ውሃ ቀጂው ድቡልቡል የሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በዱላው እየመታ ይለማመዳል፤ ከትምህርት በኋላ ከጋኑ ሥር ተቀምጬ አየው ጀመር። እንዴት እንደሚያደርገው ብጠይቀው ልጅ ሳለ ቂሌ፣ ማለት በእነሱ አገር ገና፣ ከብት እየጠበቀ ይጫወት እንደነበረ ከመንገር በቀር ምንም አልጨመረልኝም። እጁ እንጂ እሱ እንደማያውቅ ነገረኝ። ይህ ለኔ መልስ አልነበረም።

ከብዙ ሳምንት በኋላ አገኘሁት። ወደ ግራ ሊመታ ሲል ዓይኑ ወደ ቀኝ ነው፤ ከመምታቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ግን የግራ ትከሻው ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ይላል። ወደ ቀኝ ሊመታ ሲል የቀኙ። አንድም ጊዜ አልሳተም። ደስታዬ ሌላ ነበር፤ እየሮጥኩ ነገርኩት፣ ትከሻውንም በጣቴ ነክቼ አሳየሁት።

እሱ ግን አልተደሰተም። መዘውሩን ለቆ ትከሻውን እንደ ሰው ዕቃ አየው።

“ታዲያ ሰው ያየዋል ማለት ነው?”

እኔ ብቻ እንዳየሁት፣ ሌላ ሰው ይህን ሊያይ እንደማይችል ነገርኩት፤ በዚህም ውስጥ ትንሽ ጉራ ነበረበት።

“መምህር፣ ይቺን ለማንም እንዳይነግሩብኝ” አለ። “እኔ በዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው ያለኝ። ጉልበቴም ሰልችቷል፤ ቢበዛ ሁለት ገና ቢቀረኝ ነው።”

ለማን እነግርብሃለሁ አልኩት። በልቤም ያሰብኩት እንደዚያው ነበር።

ልደት ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ የገበያ ቀን፣ የተማሪ ወረቀት ልገዛ ከአንድ የወሎ ነጋዴ ሱቅ ገባሁ። ነጋዴው ደግ ሽማግሌ ነው፤ ሻይ ሰጥቶ በጆንያ ላይ አስቀመጠኝ። አራት አምስት ሰዎች ስለ ገና ያወራሉ። አንዱ የውሃ ቀጂውን መድኃኒት የሚያፈርስ መድኃኒት ሻሸመኔ አካባቢ ይገኛል አለ፤ ሌላው ሰውየው ሌሊት አዋሽ ወርዶ ዱላውን እንደሚያጥብ ያየ ሰው አውቃለሁ አለ። ሽማግሌው ወደኔ ዞሮ እናንተ የተማራችሁት ምን ትላላችሁ አለኝ።

ይህን ስጽፍ እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ቆሜ አስቤአለሁ። ተገድጄ አልተናገርኩም፤ ተደልዬም አልነበረም። የተጠየቅሁትን አላውቅም ማለት አልቻልኩም፤ ደግሞም ድንቁርናን የምዋጋ መስሎኝ ነበር። ከምድጃው ከሰል አንስቼ በሳጥን ክዳን ላይ ሰው ሳልኩ። መድኃኒት የሚባል ነገር የለም አልኩ፤ ዓይኑ ይህ ነው፣ ትከሻው ይህ ነው፣ ይህ ሲወርድ ሩሯ በዚህ ትሄዳለች። ሰዎቹ እየተቀባበሉ አደነቁኝ። ሽማግሌው “አቤት ትምህርት” ብሎ ሻይ ደገመልኝ። ጥግ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ አንድ በሬ ነጋዴ ጠጋ አለና፣ “እስቲ ይቺን የግራዋን ይድገሙልኝ” አለ። ደገምኩለት። እንዲያውም ተነስቼ በራሴ ትከሻ አሳየሁት።

ስወጣ ሽማግሌው በር ድረስ ሸኘኝና፣ በሬ ነጋዴው የገበያ ሰፈር ተጫዋቾች አለቃ መሆኑን ታውቅ ኖሯል ወይ አለኝ። አላውቅም ነበር። ሽማግሌው ፊቴን አይቶ ክዳኑን በእጅጌው ጠረገው። ምን ያደርጋል፣ ሁሉም አይተውት ነበር።

ለውሃ ቀጂው ወዲያው መንገር ነበረብኝ። ሦስት ሳምንት ነበረኝ፤ መስኮቴ ከጋኑ ሠላሳ እርምጃ አይርቅም። በየቀኑ ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በመጨረሻው ሳምንት መስኮቱን ለአቧራው ብዬ ዘጋሁት፤ ተማሪዎቹ በሙቀቱ ሲያልባቸው እንኳ አልከፈትኩም።

ልደት ደረሰ። ሜዳው ከአምናው ሁለት እጥፍ ሰው ይዟል፤ ከወንጂ በኩል ሳይቀር የመጡ ነበሩ። አምና እንስራ አዝላ የነበረችው ሴትም እህቶቿን አስከትላ ከፊት ተቀምጣለች። የመጡት እሱን ለማየት ነው። ሩሯ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ዘንድ ስትደርስ ቆመ፤ ሜዳው ጸጥ አለ። መታ። በሬ ነጋዴው እግሩን አስቀድሞ በግራ አስቀምጦ ነበር፤ ሩሯን ከሜዳው ላይ እንደ ወደቀ ዕቃ አነሳት።

ሁለተኛም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው አንዲት ሴት ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። የገበያ ሰፈር ልጆች ክብ ሠርተው እያጨበጨቡ ያወጡት ግጥም አሁንም በጆሮዬ ነው፦

ዓይንህ ቢደብቀን የት እንደምትመታ፣
ትከሻህ ነገረን ዝቅ ብሎ ላፍታ።

ውሃ ቀጂው ግጥሙን ሰማ። በሕዝቡ መካከል ፈልጎ አገኘኝ። አንድ ጊዜ ብቻ አየኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከሁሉ ይብሳል። ትከሻውን ለመያዝ ሞከረ። ዝቅ እንዳይልበት ሲያደነድነው እጁ ጠፋበት፤ አንድ ጊዜ ሩሯን ስቶ መሬት መታ። ማነከሱ ተመለሰበት። ትከሻ እንዳለው ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ በሬ ነጋዴው እግሩን ባያስቀምጥ እንኳ ያ ሰው የአምናውን ያህል አይመታም ነበር ብዬ አሁን አምናለሁ። ሁለት ጊዜ ነው የነገርኩበት፦ አንዴ ለባላጋራው፣ አንዴ ለራሱ።

ጣቢያ ሰፈር ተሸነፈ። ፀሐይ ልትገባ ትንሽ ቀርቷታል፤ የስድቡ ሰዓት ነው። ተሸናፊዎቹም አፍ አላቸው፤ ማንንም መስደብ ይችላሉ። የጣቢያው ጠባቂ እየጮኸ በሬ ነጋዴውን ከበሬዎቹ ጋር አዛመደው። ሰዉ ውሃ ቀጂውን ጠበቀ፤ ነገሩ ሾልኮ ስለነበር አንዳንዱ እኔንም ያይ ጀመር። እኔም ቆሜ ጠበቅሁ። ይሰድበኛል ብዬ ተስፋ አደረግሁ፤ በዚያ ሕዝብ ፊት አስተማሪውን፣ ከሰሉን፣ ሻዩን እያነሳ ቢገጥምብኝ ኖሮ ግማሹን ዕዳዬን ያን ዕለት በተወጣሁ። እሱ ግን ዱላውን በብብቱ ይዞ ወደ ጋኑ ሄደ። ፀሐይዋ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ከመዘውሩ አጠገብ ሄድኩ። እርስዎ ብዬ ጀመርኩ፤ አፌ ላይ እንግዳ ሆነብኝ፣ ለሱም ሳይሆን አልቀረም፣ ቀና ብሎ አየኝ። የሆነውን ሁሉ በተራ ነገርኩት፤ ሱቁን፣ ጥያቄውን፣ አለቃውን አለማወቄን። ማስረዳቴ ነበር እንደገና። እስክጨርስ መዘውሩን አላቆመም።

“ይስደቡኝ እንጂ” አልኩት በመጨረሻ። “የሚገባኝ ነው።”

“ቀኑ ትናንት ነበር፣ መምህር” አለ። ቱቦውን አንስቶ ባቡሩ ወደሚመጣበት በኩል ሄደ።

በሚቀጥለው ዓመት ለገና አልወጣም። ጉልበቴን አመመኝ ብሏል አሉ። ልደት የባቡር ቀን ነበር፤ ጨዋታው ሲጀመር እሱ ከጋኑ ሥር ቱቦውን ይዞ ቆሞ ነበር። ሜዳው ላይ ሩሯ ከወዲያ ወዲህ ትሄዳለች፤ በሬ ነጋዴው ጥሩ ይጫወታል፣ ጠንካራ ነው፣ አይሳሳትም። ግን ሕዝቡ ያወራል፣ ይበላል፣ ፀጉር ይሠራራል። በየመካከሉ አንዱም ሌላውም አንገቱን እያዞረ ወደ ጋኑ ያያል። ዱላ አልያዘም፣ ሩር የለም፣ ትከሻው ከቱቦው ክብደት ሌላ ምንም አይናገርም፤ ሰው ግን እሱን ነው የሚያየው። ደብተሬ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ዓምድ አልነበረም።

እንስራ የያዘችው ሴት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። የት ሄደ ያ ሰው፣ ለምን ቀረ ብላ ጠየቀችኝ፤ አስተማሪ ስለሆንኩ የማውቅ መስሏት ነው። አውቅ ነበር። ባቡሩ ጮኸ፣ ውሃው መውረድ ጀመረ፤ እሷም መልሴን እየጠበቀች ወደ ጋኑ ዞረች፤ እኔም ምንም ሳልላት አብሬያት ዞርኩ።