መቀሱን አይቼ ዝም አልኩ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ቡሬ ከተማ ነው። ዘንድሮ ኅዳር ሲመጣ ሁለት ዓመት ይሞላዋል። ያን ቀን የሚያነሳ ሰው ሁሉ ልጄ ያደረገውን ያነሳል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን እኔ ያልተናገርኩት ነው።

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆች ይዤ የምኖር ገበሬ ነኝ። ቤታችን ከቡሬ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ትልቁ ልጄ ይታያል ይባላል፤ ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ታናሿ ብርቱካን ናት። ይታያል በሥራው የተመሰገነ፣ ያባቱን መሬት ጦም የማያሳድር ልጅ ነበር። ክረምቱ ሲገባ እንቅልፍ እምቢ አለው። ቀጥሎ ምግብ መጠራጠር ጀመረ፤ እኔ ፊቱ ቀምሼ ካላሳየሁት አይጎርስም። ከዚያ ጆሮውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ ሰዎች ስሙን እየጠሩ ሊገድሉት እንደሚመካከሩ ይነግረኝ ጀመር።

ሦስት ሳምንት ጠበል ይዤው ከረምኩ። ሻል ብሎት ተመለሰ፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን ባሰበት።

እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ስለት ያለውን ነገር ሁሉ ሰብስቤ ጎረቤት አስቀመጥኩ። ማጭዱን፣ መጥረቢያውን፣ የሽንኩርት ቢላዋ ሳይቀር። የሰው ቤት ስገባ እንኳ ዓይኔ መጀመሪያ የሚፈልገው ስለት ነበር። ዘነዘናውን ግን አላሰብኩትም። እንጨት ነዋ።

አንድ ጧት እኔና ብርቱካን የለቀምነውን በርበሬ ግቢ ውስጥ አስጥተን እየገለበጥን ሳለ ይታያል ከቤት ወጣ። ዘነዘናው በእጁ ነው። ውሻችን ጅራቱን እየቆላ ሲጠጋው በአንድ ምት አናቱን አፈረሰው። ብርቱካን ስትጮህ ወደ እሷ ዞረ። መሀል ገባሁ። ራሴን ልከልል ያነሳሁት ግራ እጄ ሲሰበር ድምፁን በጆሮዬ ሰማሁት። በርበሬው ላይ ወደቅኩ። ሁለተኛውን ሊያሳርፍብኝ አንስቶ ሳለ ዓይን ለዓይን ተያየን።

"እማ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?" አለኝ። ዘነዘናውን ጥሎ ውሻው አጠገብ ተቀመጠ።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አያ ጥላሁን ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ዱላ ይዘው ደረሱ። ይታያል አልታገላቸውም፤ እነሱ ግን ሳይመቱት አላሰሩትም። እጁን ወደ ኋላ፣ እግሩንም ጨምረው አህያ በምንጭንበት መጫኛ ጠፈሩት። በቃሬዛ ተሸክመውት ወደ ቡሬ ጉዞ ጀመርን። አንዱ ተሸካሚ ዳገቱ ላይ፣ "ምግብ አይበላም ስትሉ አልነበር? ባይበላ ነው እንዲህ የሚከብደው?" ብሎ ሌሎቹን አሳቃቸው። እኔ የተሰበረ እጄን በነጠላዬ አስሬ ከኋላ እከተላለሁ።

ከተማው ሲቃረብ አያ ጥላሁን ወደ ኋላ ቀርተው ከእኔ ጋር ተራመዱ። ያን ሰሞን ብርቱካንን ከቋሪት በኩል ያሉ ሰዎች ለልጃቸው ጠይቀዋት ነበር። ሽማግሌዎቹ ከጥምቀት በኋላ ሊመለሱ ቀጠሮ ይዘዋል። አያ ጥላሁን፣ ሰዎቹ ዘር እያጣሩ ነው፣ መታ የሚባል ነገር ካፍሽ እንዳይወጣ አሉኝ። "ወባ አናቱ ላይ ወጥቶበት ነው በይ። ሌላ ነገር አንድ ጊዜ ከተጻፈ አይፋቅም።"

እሳቸው ባይሉኝም እኔው እንደዚያ ማለቴ አይቀርም ነበር። መታ ብዬ ካስጻፍኩ ፖሊስ ይወስደዋል ብዬም ፈርቻለሁ።

ቡሬ ጤና ጣቢያ ውስጥ የአእምሮ ሕሙማን የሚታዩት ግቢው ጥግ ባለች አንዲት ክፍል ነው። አዲስ የመጣውን እየተቀበለች፣ ከሥሩ ጠይቃ የምትመዘግበው አንዲት ነርስ ናት፤ ሲስተር ባንችአምላክ ትባላለች። የፈረስ ቤት ከተማ ልጅ ናት። ከብርቱካን ብዙ የምትበልጥ አትመስልም፤ ቀጭን፣ ጠይም፣ ድምጿ ዝግ ያለ።

ወንዶቹ ይታያልን ክፍሉ ውስጥ አስቀምጠው ውጭ እንዲቆዩ፣ ዱላቸውንም ለጥበቃው እንዲሰጡ ነገረቻቸው።

"ዱላችንንም ልታክሚው ነው?" አሉ አያ ጥላሁን።

"ከታመመ ያስገቡት" አለቻቸው። ሳቁና ወጡ። ዱላቸውን ግን አንዳቸውም አልሰጡም፤ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ጉልበታቸው ላይ አጋድመውት ተቀመጡ።

ሲስተር መሬት ላይ በርከክ ብላ ልጄን በስሙ ጠርታ ሰላም አለችው። አልመለሰላትም። ከዚያ ወረቀቷን ይዛ ወደ እኔ ዞረች። ዕድሜውን፣ መቼ እንደጀመረው፣ እንቅልፉን፣ ምግቡን ጠየቀችኝ። እነዚህን በእውነት መለስኩ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"እናቴ፣ የታሰረ ሰው የሆዱን አይነግረኝም። ስለዚህ እፈታዋለሁ። ከመፍታቴ በፊት ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ሰው መትቷል?"

"ኧረ የለም።"

"እርስዎንስ?" ዓይኗ ነጠላዬ ላይ ነው።

"በርበሬ ሳሰጣ ወድቄ ነው።"

ሳትቆጣ አስረዳችኝ። መትቷል ካልኳት የሚያረጋጋ መርፌ ቀድማ ትሰጠዋለች፣ ጥበቃውንና ባልደረቦቿን ትጠራለች፣ የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የምታደርገው ክፉ ሰው ነው ብላ ሳይሆን የፈራ ሰው ስለሚማታ ነው። ፖሊስ የሚባል ነገር ከአፏ አልወጣም። ከዚህ በላይ ምን ታድርግ?

"ወባ ነው እቱ፤ አናቱ ላይ ወጥቶበት ነው" አልኳት።

ቋጠሮውን በጣቷ ልትፈታው ሞከረች። ላብ ጠጥቶ ጠብቋል። ተነስታ ከመሳቢያዋ የፋሻ መቁረጫ መቀስ አወጣች። የእኔ ዓይን ከእሷ እጅ ቀድሞ እዚያ ደርሶ ነበር። ረጅም ነው፤ ጫፉ ሹል ነው። "ተይው" ልል አፌን ከፈትኩ። ተይው ካልኩ ለምን ትለኛለች። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

የእግሩን ቆረጠች። የእጁን ቆረጠች። መጫኛው መሬት ሳይነካ ይታያል መቀሱን ከእጇ ነጠቀ።

"ከነሱ ነሽ" አላት።

ወደ ፊቷ ሰነዘረው። በቀኝ መዳፏ መከተችው፤ ብረቱ በመዳፏ ገብቶ በእጇ ጀርባ ወጣ። መቀሱን ሲመነጭቀው ደሟ ወረቀቱ ላይ፣ የእኔም ፊት ላይ ተረጨ። እሷ ግን አልጮኸችም። ግድግዳውን ተደግፋ፣ በዚያው ዝግ ባለ ድምጿ "ይታያል፣ በሩ ያውልህ። መውጣት ትችላለህ" አለችው። ክንዷ ላይ ደገማት። የጮኽኩት እኔ ነኝ።

በሩ ተበረገደ። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻው ላይ፣ ሁለተኛው አናቱ ላይ አረፈ። መቀሱ ከእጁ ወደቀ። ልጄም ወደቀ። አራቱ ሰዎች ግን አላቆሙም። ያን ሁሉ ወር የፈሩትን፣ ያፈሩበትን ሁሉ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አወረዱበት። አያ ጥላሁን በእያንዳንዱ ምት "አዋረድከን፣ አዋረድከን" ይላሉ። የወንድማቸው ልጅ ነው፤ አዝለው ያሳደጉት። ከአፉና ከጆሮው ደም ሲወጣ አየሁ። በአንድ እጄ ያንዱን ጋቢ ይዤ ብጎትት ገፍትሮ ጣለኝ።

ያኔ ሲስተር በላዩ ወደቀች። ወርዶ የነበረው ዱላ ጀርባዋ ላይ አረፈ፤ ያን ድምፅም አልረሳውም።

"ውጡ" አለች። "ታካሚዬ ነው።"

የአያ ጥላሁን ዱላ አየር ላይ ቀረ። ከእሷ ሥር ልጄ እንደ ሕፃን ያለቅሳል።

ጥበቃውና ሌሎች ነርሶች ደረሱ። መርፌ ተሰጥቶት ተኛ፤ አናቱ ተሰፋ። ሲስተርን ወደ ሌላ ክፍል ወሰዷት። የእኔንም እጅ አሰሩልኝ። ያሰረልኝ ሰው፣ "ይሄ የመውደቅ ስብራት አይደለም" አለኝ። ያባርሩናል፣ ወይ ፖሊስ ይመጣል ብዬ በሩን በሩን ሳይ ቆየሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሲስተር ባንችአምላክ ተመለሰች። ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልሏል። በግራዋ አዲስ ወረቀት ይዛለች፤ የፊተኛው በደም ተበላሽቷል። አጠገቤ ተቀመጠች።

"መጻፍ ይችላሉ?" አለችኝ።

"እስከ አምስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ።"

"እኔ ዛሬ አልችልም። እየጠየቅኩ እርስዎ ይጻፉልኝ።"

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጋ እስክሪብቶውን ሰጠችኝ። ቀኝ እጄ ደህና ነው። ግራዬ ስለታሰረ ወረቀቱን በግራ እጇ ያዘችልኝ። ስሙን ጻፍኩ። ዕድሜውን ጻፍኩ። አያ ጥላሁን በሩ ላይ ቆመው ያያሉ።

"ሰው መትቷል?" አለች። ድምጿ ጧት እንደነበረው ነው።

አያ ጥላሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

"አዎ። እናቱን" ብዬ ጻፍኩ።

"በምን?"

"በዘነዘና።" ዘነዘና የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኩት። ቀና ስል አያ ጥላሁን በሩ ላይ የሉም። ዱላቸው ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቀርቷል።

ይታያል ሁለት ሳምንት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተኝቶ ታከመ። አሁን በየወሩ ቡሬ እየሄድን መድኃኒቱን ይወስዳል። ያርሳል፣ ይበላል። አንዳንድ ቀን ዝም ይላል፤ ያኔ እፈራለሁ። ሲስተርን ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ወር ፈጀበት። ስትሰማው እጇን ከኋላዋ ደበቀች፤ እንዳያየው ብላ ይመስለኛል። ሁለቱ ጣቶቿ አይታጠፉም። እስክሪብቶ የምትይዘው በሌሎቹ ነው።

የቋሪት ሰዎች ከጥምቀት በኋላ አልተመለሱም። ብርቱካን ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ አላነሳችብኝም። ብታነሳ ይቀለኝ ነበር።

በቀጠሯችን ቀን አግዳሚው ላይ አዲስ የመጡ እናቶች ይቀመጣሉ። ፊታቸው ያበጠ፣ ጥርሳቸው የወለቀ። አንዳንዷ ሳልጠይቃት ወድቄ ነው ትለኛለች። ያኔ እጄን አሳያታለሁ። አጥንቱ ጠሞ ነው የገጠመ። "እኔንም ልጄ ነው፤ ስትገቢ ንገሪያት" እላታለሁ። የምትሰማኝ አለች፣ የማትሰማኝም አለች።

የይታያል ፋይል በተከፈተ ቁጥር የመጀመሪያው ገጽ የእኔ ጽሕፈት ነው፤ የተንጋደደ፣ ስርዝ የበዛበት። ሲስተር ወደ ሌላ ወረቀት አልገለበጠችውም፤ እንዳለ ይኑር አለች። ሳየው ደስም ይለኛል፣ አፍራለሁም።

እዚያ ገጽ ላይ የሌለ ነገር አለ። መቀሱን ቀድሜ ማየቴን እሷ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። በየወሩ ልነግራት እሄድና ጣቶቿን ሳይ ያቅተኛል። ዛሬ እዚህ ጻፍኩት። የሚቀጥለው ቀጠሯችን ማክሰኞ ነው፤ ይህን ወረቀት ይዤላት እሄዳለሁ።