ከነታሪኩ ሊታጠብ የነበረው ጣባ

"አጎቴ፣ ማነው ያጠበው?!"

የእህቴ ልጅ ረሂማ ናት፣ ዛሬ ጠዋት ጉብሬ ባለው ዩኒቨርሲቲ፣ በአንትሮፖሎጂ ትምህርት ክፍል ቤተ ሙከራ ውስጥ።

የመመረቂያ ጥናቷ በድሮ የሸክላ ዕቃ ምን ይበላ እንደነበር ከቀረው ቅባት መለየት ነው። እኔም የባለቤቴን የከድጃን አሮጌ የክትፎ ጣባ ወሰድኩላት። ከድጃ ግን "ዕቃ ሳይታጠብ ሰው ዘንድ አይሄድም" ብላ በሳሙናና በአሸዋ ፈትጋው ነበር።

"ቆሻሻ ከፈለግሽ የእኔ ኮት አለልሽ" ብዬ ላስቃት ሞከርኩ። ልጅቷ ልታለቅስ ደርሳለች።

መምህሯ ጣባውን አገላብጠው አሸተቱት። "ቅቤው ሸክላው ውስጥ ዘልቋል፤ ሳሙና ሙሉ በሙሉ አያወጣውም። ከሥሩ ትንሽ እንድንፍቅ ከተፈቀደልን ይበቃናል" አሉ።

"በሠርጋችን የበላንበት ነው፤ የዚያ ቀንም ቅቤ ይኖርበታል?" አልኳቸው።

"ሊኖር ይችላል።"

ይኼን ሁሉ ዘመን ስንበላበት ቅቤውን ይዞ እንደሚያስቀር አንድም ቀን አልጠረጠርኩም!

ለከድጃ ደወልኩ። "ይፋቁት። ግን ታጥቦ እንደመጣ ይጻፉልኝ!" አለች።

ረሂማ እየሳቀች መዝገቡ ላይ አሰፈረችው። ለካ መታጠቡ ለጥናቱም መጻፍ ያለበት ነገር ነው።

እናንተስ፣ ደግ የሠራችሁ መስሏችሁ የሰው ሥራ ልታበላሹ ደርሳችሁ ታውቃላችሁ? ከድጃ ብቻዋን እንዳትሆን ጻፉልን።