ግድግዳዬ ውስጥ ያለው ጭድ

እኔ ችኩል ነኝ፤ አልደብቅም። ሰፈርተኛው "ሚጥሚጣ" ይለኛል። ከላሊበላ ወጣ ብሎ ካለው ዳገት ላይ ጎጆ ልንወጣ ስንል ያቺ ችኮላዬ ጉድ ልትሠራኝ ነበር።

የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። የምንኖረው አማቴ ቤት ነው። አማቴና እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለን፣ ዓይጥና ድመት ነበርን። የመጨረሻው ጠባችን በሚዶ ነው። የእንጨት ሚዷቸው ጠፋባቸውና "እዚህ ቤት ጠጉር የምታበጥሪው አንቺ ነሽ፤ የት አደረስሽው?" አሉኝ። እኔ? የሰው ሚዶ? ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። "እዚህ ቤት አራስ ከተኛሁ ሰው አይደለሁም!" ብዬ ማልኩ። ከዚያ ወዲህ ወደ መኝታቸው ዝር አላልኩም።

ባሌ ለአዲሱ ቤታችን የባህር ዛፉን ግድግዳ አቁሞ፣ ቆርቆሮውን መትቶ ነበር። የቀረው ምርጊቱ ነው። ግንቦት ተጋመሰ። ክረምቱ ከገባ ጭቃ አይደርቅም፤ ልጁ ደግሞ በሐምሌ ይመጣል።

እኛ ደገኞች ገብስ እንጂ ጤፍ የለንም። አማቴ ዱላቸውን ተመርኩዘው መጡና "የገብስ ጭድ ያዳልጣል፤ ጭቃ አይጨብጥም። የጤፍ ጭድ ፈልጊ፤ ጭቃውንም ሳምንት አቡኪው" አሉኝ። ከሌላ ሰው አፍ ቢወጣ እሰማ ነበር። የገብሱን ጭድ ነስንሼ፣ ሁለት ቀን ብቻ ረግጬ መረግሁት። በአራተኛው ቀን ፀሐይ ሲመታው ተሰነጣጠቀ፤ ከዚያ እየተላጠ ወደቀ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ባሌ የጤፍ ጭድ ፍለጋ ወደ ታች አገር ወረደ። በግንቦት ጭድ ማን ያስቀምጣል? ከብቱ በልቶ ጨርሶታል። ባዶ ጆንያውን ታቅፎ ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት ግን ከጭቃው ጉድጓድ አጠገብ ሁለት ጆንያ የጤፍ ጭድ ተቀምጦ አገኘሁ። አማቴን ብጠይቃቸው "ከዘመድ ነው" አሉ።

"ከየትኛው ዘመድ?"

"ኤዲያ! ዝም ብለሽ ርገጪ!"

ዝም ብዬ ረገጥኩ። በዚህኛው አልቸኮልኩም፤ ሳምንቱን ሙሉ አቦካሁት። በስምንተኛው ቀን ጭቃው ሸተተ፣ እንደ ሊጥም ተሳበ። ልመርግ እፍኝ ሳነሳ አንድ ነገር እጄን ወጋኝ። በውኃ ለቅለቅ አድርጌ አየሁት። ሚዶ ነው። የአማቴ ሚዶ፣ ያ አንድ ጥርሱ የጎደለው።

በጭቃ እጄ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። መደባቸው ላይ ፍራሽ የለም። በየዓመቱ ወንድማቸው ከቆላ በሚልኩላቸው የጤፍ ጭድ የሚሞሉት ከረጢት ባዶውን ተጣጥፎ ራስጌያቸው ተቀምጧል። ያን የሚያማቸውን ወገብ ይዘው፣ ሳምንቱን ሙሉ አንድ አጎዛ አንጥፈው የተኙት ጭቃ መደብ ላይ ነው።

"እማማ፣ ምነው?" አልኳቸው።

ሚዶውን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። "ስምሽን በከንቱ አነሳሁ፤ ይቅር በይኝ" አሉ።

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "ተነሺ! ሆድሽን!" ብለው ተቆጡኝ። "ከእኔ መሸሽ አማረሽ። መሸሽሽ ካልቀረ ደረቅ ቤት ግቢ ብዬ ነው።"

ምርጊቱ ዝናቡን ቀድሞ ደረቀ። አራስ የተኛሁት በዚያ ቤት ነው፤ ያረሱኝም እሳቸው ናቸው። ገንፎውን እያገነፉ፣ ልጁን እያጠቡ፣ እኔን እየተቆጡ። ያን ጊዜ ያመሰገንኳቸውን ያህል ሰው አመስግኜ አላውቅም፤ ዛሬም አልጠገብኩም።

ታኅሣሥ ላይ ባሌ ለጓዳው ልስን ብሎ አንድ አህያ የጤፍ ጭድ ጭኖ መጣ። ገና ጭነቱ ሳይራገፍ የአማቴን ከረጢት አመጣሁና ጢም አድርጌ ሞላሁት።

"ኧረ ልስኑስ?" አለኝ።

"ልስኑ ገደል ይግባ!"

አማቴ ጋደም አሉ፣ ወገባቸውን ዘረጉና "እሰይ" አሉ።

የጓዳዬ ግድግዳ እስከ ዛሬ አልተለሰነም። የመጣ እንግዳ ሁሉ "ምነው ሳትጨርሱት?" ይለኛል።

"ጭዱ ላይ እናቴ ተኝተውበታል" እላለሁ።