አቀንጭራን ማን ጠራት?

ባለፈው መርሳ ስንደርስ ልጄ ከመንገድ ዳር አንዲት ሮዝ አበባ ቀጥፋ፣ «እማ፣ እያት ስታምር!» አለችኝ። አቀንጭራ ነበረች፤ የማሽላን ሥር የምትመጥ አረም። ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣብኝ። ይቺ ቆንጆ እርጉም አባቴንና አጎቴን ሁለት ዓመት አኳርፋቸዋለች እኮ!

ማሳችን ለዓመታት ጤፍ ብቻ ነበር የሚዘራበት። አንድ ክረምት አባቴ ከወንድሙ የማሽላ ዘር ወስዶ ዘራበት። ማሽላው ጉልበት ላይ ሲደርስ ቀጨጨ፤ ከሥሩ አቀንጭራ ወጥታ አበበች። አባቴም፣ «የአቀንጭራ ዘር ቀላቅሎ ነው የሰጠኝ!» ብሎ ቁርጥ አደረገው። ለኢድ እንኳ መጠያየቅ ቀረ። አብረውኝ ያደጉትን የአጎቴን ልጆች ወንዝ ላይ ሳገኛቸው ፊቴን አዞር ነበር። እንዴት እንደሚያም አትጠይቁኝ።

የአስረኛ ክፍል ማትሪክ እንደወሰድኩ ሲሪንቃ አንድ የሰብል ምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ ሳህን አጣቢ ሆንኩ። እርጥብ አፈርና አልኮል ይሸታል። ባለሙያዋ ቁጡ ግን ደግ ሴት ነበረች። የአቀንጭራ ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ እንደሚቆይ ስትነግረኝ ጎተራችን ትዝ አለኝ። የተለሰነው፣ ታናሽ ወንድሜ የተወለደ ጊዜ፣ የአጎቴ ዘር ማሳው ሳይገባ፣ ከዚያው ማሳ በወጣ ጭቃ ነው። እናቴ እየጮኸችብኝ ከልስኑ ፍቄ ወሰድኩ።

ባለሙያዋ አፈሩን ነፍታ እንደ ትንባሆ ብናኝ የደቀቁ ዘሮች አገኘች። እርጥብ ወረቀት ላይ ዐሥር ቀን አቆየናቸው። ከዚያ ለግማሾቹ ንጹሕ ውሃ፣ ለግማሾቹ የማሽላ ሥር የተነከረበትን ውሃ ጠብ አደረግን። በሁለተኛው ቀን ንጹሕ ውሃ ያገኙት እንደተኙ ናቸው። የማሽላውን ያገኙት ግን ነጭ ክር አውጥተዋል!

አባቴ ወልድያ ገበያ ሲሄድ ለምኜ አስገባሁትና ዘሮቹ ከየት እንደወጡ፣ ምን እንዳጠጣናቸው ነገርኩት። አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎነበሰ።

«ሱብሃነላህ! ማሽላ መዘራቱን ማን ነገራት?»

«ሥሩ ነው፣ አባባ» አለችው ባለሙያዋ። «ሥሩ የሚለቀው ነገር ሲደርሳት ሴሎቿ ይነቃሉ። ካልደረሳት ትተኛለች።»

«ጭቃው የጎተራዬ ነው?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«አዎ፣ አባ።»

«ከማሽላው በፊት የተለሰነው! ታዲያ ወንድሜ ምን አደረገኝ?» አለ።

ገበያውን ትቶ ተመለሰ፤ እኔም ተከተልኩት። አጎቴ ደጅ ሲደርስ መግባት ፈራና ከውጭ በልጅነት ቅጽል ስሙ ጠራው። አጎቴ እጁ ላይ ወጥ እንዳለ፣ ሳይታጠብ ሮጦ ወጣ። ከዚያ በኋላ ማሳውን ሁለቱ አብረው አረሱት፤ እኔም ትምህርቴን በዚያው በዘርና በሴል ቀጠልኩ።

አባቴ ዛሬ በሕይወት የለም። አጎቴ ግን አለ፤ ልጄ አበባዋን ይዛለት ገባች። ተቀብሎ አገላብጦ አያት፣ ሳቅ አለ፤ ከዚያ ደጁን ሲያይ ቆየ።

«እዚያ ቆሞ ሲጠራኝ አሁንም ይሰማኛል» አለኝ።