ጥርት ያለው የጀሞ ጉድጓድ

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አይስ ቦክሴን በትከሻዬ አንግቼ ላፍቶ ካለው ቤቴ ወጣሁ። ሳጥኑ ውስጥ ባዶ የናሙና ጠርሙሶች፣ የበረዶ ከረጢቶች፣ ጓንትና የመለያ ወረቀት ነበሩ። ሥራዬ የውሃ ጥራት ክትትል ነው። በየሦስት ወሩ ንፋስ ስልክ ላፍቶን እየዞርኩ ከወንዙ፣ ከአትክልት ማሳዎችና ሰው ከሚጠጣቸው የጓሮ ጉድጓዶች ውሃ እቀዳለሁ፤ የቀዳሁትን መሃል ከተማ ወዳለው ላቦራቶሪ አደርሳለሁ።

ገና ከበሩ ሳልርቅ አለቃዬ ደወለ።

«ወይንሸት፣ መኪናው ለሌላ ሥራ ወጥቷል። ለነገ ይሁን።»

«ነገ አይሆንም። በታክሲ እሄዳለሁ» አልኩት።

እንዲህ ያስቸኮለኝ ያለፈው ዙር ነው። ለጀርም ምርመራ የተቀዳ ውሃ በስድስት ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ካልገባ ውጤቱ አይታመንም። ያኔ የጀሞውን ናሙና አርፍጄ ስላደረስኩ ዓይኔ እያየ መታጠቢያው ውስጥ ደፉብኝ። በሳምንቱ ልመለስ ብል «ቀጣዩን ዙር ጠብቂ» ተባልኩ። ሦስት ወር ሙሉ ምሳ እየበላሁም፣ ልብስ እያጠብኩም፣ እነዚያ ሰዎች ምን እየጠጡ ይሆን እያልኩ ከረምኩ። በዚህ ዙር ደግሞ ከጀርሙ ሌላ የከባድ ብረቶች ምርመራም ተጨምሯል። መኪና የለም ተብዬ የምቀርበት ጉዞ አልነበረም።

ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ላፍቶ ወንዝ ዳር

ከአስፋልቱ ወርጄ የኮብልስቶኑን መንገድ ስጨርስ ሽታው ተቀበለኝ። ውሃው ጥቁር ነው፤ ድንጋዩን እየመታ በሚዞርበት ቦታ ነጭ አረፋ ይጋገራል። ከወዲያ ማዶ ባለ አራት ፎቅ ቤቶች ተደርድረዋል። ከወዲህ ግን አንድ ቁራጭ ማሳ አለች፤ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን በመስመር የበቀሉባት። ባለቤቷ ጋሽ ቱሉ ናቸው። ላፍቶ የጤፍ ማሳ በነበረች ጊዜ እዚሁ ተወልደው፣ ሰፈሩ ቤት በቤት ሲሆን ከወንዙ ዳር ይችን ይዘው የቀሩ ሰው ናቸው።

«መጣሽ ልጄ? ከዳሩ አትቅጂ። ወራጁ መሃል ነው እውነቱ ያለው» አሉኝና ቦት ጫማቸውን አድርገው እጄን ይዘው አስገቡኝ።

የጠርሙሱን አፍ ውሃው ወደሚመጣበት አዙሬ ሞላሁ፣ ከደንኩ፣ ሰዓቱን ጻፍኩ። ሁለት ሰዓት ከሩብ። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ እስከ ስምንት ሰዓት ከሩብ ብቻ ነበረኝ።

«እሁድ እሁድ ውሃው ትንሽ ይጠራል» አሉኝ ሰላጣ ነቅለው ለናሙና ከረጢቴ ሲሰጡኝ። «ሰኞ ከሰዓት ቀለሙ ይቀየራል። አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን ቀይ። የሚለቀው ማነው ያልሽኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ቀኑን ግን አውቃለሁ።»

ይህንንም ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። መሣሪያዬ የዛሬውን ብቻ ነው የሚያነበው፤ የሳምንቱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

«ጋሽ ቱሉ፣ እርስዎስ ይህን ሰላጣ ይበሉታል?»

ጎንበስ ብለው አረማቸውን ቀጠሉ። «ቀቅለን ጎመኑን እንበላለን» አሉ። «ጥሬውን ከተውነው ቆየን።»

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ሀይሌ ጋርመንት

ከላፍቶ ሀይሌ ጋርመንት የወሰደኝ ሚኒባስ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ሹፌሩ ሳጥኔን አይቶ የሁለት ሰው ሂሳብ ካልከፈልሽ አላለም? ከፈልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አላስቻላቸውም።

«ዓሣ ነው?»

«የወንዝ ውሃ ነው።»

«የወንዝ ውሃ! ለሱም በረዶ?» ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እስክንወርድ ድረስ ግን ሴትዮዋ ስለቧንቧቸው፣ ከኋላ ያለው ሰውዬ ስለታንከሩ ዝገት ጠይቀውኝ ነበር። የምንጠጣው ነገር ነዋ።

መስቀለኛው ላይ ስወርድ ወያላ ይጣራል፣ ልብስ ነጋዴው መንገዱን ይዟል፣ የጭነት መኪና ጭስ ጉሮሮ ይይዛል። አንዲት ጠባብ ቁርስ ቤት ገብቼ ሳጥኑን በእግሮቼ መሃል አስቀምጬ ፉል በላሁ። በረዶውን ነካሁት። ጠርዙ መላላት ጀምሯል። ሻዩን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ጀሞ

ከጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ የግል ቤቶች ሰፈር አለ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ከሳምንት በላይ የሚጠፋበትም ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ ሰፈሩ ጀሪካኑን ይዞ የሚሄደው ወደ ወይዘሮ ዘነበች ግቢ ነው። ወይዘሮ ዘነበች ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ሲወጡ ባጠራቀሙት ገንዘብ ጉድጓድ አስቆፍረዋል። ውሃውን አይሸጡም። «እግዜር የሰጠኝን አልቸረችርም» ባይ ናቸው።

ስደርስ ሰባት ስምንት ሰው ተሰልፎ ነበር። ያለፈው ዙር ከጎረቤት ግቢዎች ብቻ ስለቀዳሁ አያውቁኝም፤ ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው የወይዘሮ ዘነበች ፊት ጠቆረ።

«ጉድጓዴን ልታዘጊብኝ ነው የመጣሽው?»

«እውነቱን ይዤልዎት ልመጣ ነው።»

«እውነቱን እኔ ላሳይሽ» አሉና በብርጭቆ ቀድተው ወደ ፀሐይ አነሡት። በእርግጥም ጥርት ያለ ነው፤ ቅንጣት አይታይበትም። «ይሄ ነው ወይ የሚመረመረው? የወንዙን አትመረምሪም?»

የወንዙንም ቀድቻለሁ ልላቸው ስል ከጓሮ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ከጉድጓዱ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ከቆርቆሮ አጥሩ ሥር አንድ ሰው አሮጌ የመኪና ባትሪዎች ይፈታል። ከውስጣቸው የሚወጣውን አሲድ መሬት ላይ ያፈሳል፤ ሊድ የሚባለውን ግራጫ ብረት፣ እርሳሱን፣ ለይቶ ይከምራል። አፈሩ ጠቁሯል። ከክምሩ አጠገብ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ግራጫ ቁርጥራጮችን በጣሳ ክዳን ላይ እየደረደረች «ምሳ» ትሠራለች።

«ተከራዬ ግርማ ነው» አሉ ወይዘሮ ዘነበች። «ምስኪን ነው፣ ላቡን አፍስሶ የሚያድር። ያቺ ደግሞ የልጅ ልጄ ቃልኪዳን ናት።»

ሊድ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም፣ ውሃ አያደፈርስም። ልጅ ደም ውስጥ ሲገባ ግን አእምሮን ይጎዳል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ያለ ውጤት ግን ልናገረው አልቻልኩም። ብናገር ደግሞ ያባርሩኛል። ስለዚህ ረጋ ብዬ «እማማ፣ ያስቀዱኝ። ንጹሕ ከሆነ ምስክሩ በእጅዎ ይሆናል። እስከዚያ ግን ልጅቷ እዚያ አትጫወት፤ እጇንም በሳሙና ያጥቧት» አልኳቸው።

ከሰልፉ መሃል አንዲት ነፍሰ ጡር «ያስቀዷት እትዬ፤ የምንጠጣውን እንወቅ» አለች።

«ቅጂ» አሉ ወይዘሮ ዘነበች። ሁለት ጠርሙስ ሞላሁ፤ አንዱን ለጀርም፣ ሌላውን ብረቱ ጠርሙሱ ላይ እንዳይጣበቅ የላቦራቶሪ አሲድ ጠብ አድርጌበት ለብረት። ከሌሎች ሁለት ግቢዎችም ቀድቼ ስጨርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ስድስት ሰዓት ከሃያ፣ የሜክሲኮ መንገድ

ከጀሞ ሜክሲኮ የሚሄደው ታክሲ እስከ መካኒሳ ደህና መጣ። ከዚያ ቆመ። ፊት ለፊት መንገድ እየተቆፈረ ነው፤ መኪናው ሁሉ በአንድ መስመር ተጋፍቷል። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሳጥኑን ከፈትኩ። በረዶው ውሃ ሆኗል፤ ቴርሞሜትሩም ወደ ላይ እያለ ነው።

«ወራጅ!»

«እዚህ መሃል መንገድ የት ልትሄጂ?» አለ ሹፌሩ።

«በእግሬ።»

አቧራውን ሰንጥቄ ሄድኩ። የሳጥኑ ማንገቻ ትከሻዬን ይቆርጠኛል፤ ቀኝ ሲደክም ወደ ግራ አዞራለሁ። ሳር ቤት ልደርስ ስል አንድ ጁስ ቤት አገኘሁና ባለቤቷን በረዶ እንድትሸጥልኝ ለመንኳት። ለምን እንደሆነ ስነግራት ከፍሪጅዋ አንድ ፌስታል ሙሉ አውጥታ ራሷ ጠርሙሶቹ ዙሪያ ጠቀጠቀችልኝና ገንዘቤን መለሰችልኝ። «እኔም ጁሱን የምሠራው በውሃ ነው» አለች። ከዚያ የተገኘውን ታክሲ ይዤ፣ የቀረውንም ሮጬ፣ ላቦራቶሪው በር ላይ ስደርስ ስምንት ሰዓት ነበር።

ናሙና የምትረከበው ገነት ያለፈው ዙር የመለሰችኝ ራሷ ናት። ሙቀቱን ለካች፣ ሰዓቱን አየች፣ ፊቴንም አየች።

«አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀርሻል» አለች። «ግቢና ተቀመጪ፣ ላብሽን ጥረጊ።»

ውጤቱን ይዞ መመለስ

ከአሥር ቀን በኋላ ገነት ደወለች። የጋሽ ቱሉ ወንዝ እንደተፈራው በጀርም ተሞልቷል፤ ሰላጣውም በጥሬው የሚበላ አይደለም። የወይዘሮ ዘነበች ጉድጓድ ከጀርም ነጻ ነው። ሊዱ ግን ከሚፈቀደው በላይ ነው።

«ሁለት ጊዜ ደግመን አይተነዋል» አለችኝ።

በዚያው ቀን መጀመሪያ የደረስኩት ጋሽ ቱሉ ዘንድ ነው። ወረቀቱን ሳነብላቸው ሰላጣውን አንድ ባንድ ነቅለው ሲጥሉ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ጀሞ ሄድኩ። ወይዘሮ ዘነበችን ከግርማ ጋር አብሬ ጠርቼ አስቀመጥኳቸውና ነገርኳቸው።

«ጥርት ያለ ነው እኮ» አሉ ወይዘሮ ዘነበች። «ለስንቱ ልጅ ነው የሰጠሁት!»

ግርማ መዳፎቹን ሱሪው ላይ ጠረገ። «እኔ... ሆዴን ይቆርጠኛል» አለ። «ወር ሆነኝ። መዶሻውም ከእጄ ያመልጠኛል። ድካም ነው ብዬ ነበር።»

«ድካም ላይሆን ይችላል። አንተም ከቃልኪዳን ጋር ደምህን ትመረመራለህ» አልኩት።

ልቆጣው አስቤ የመጣሁት ሰው የመጀመሪያው ታማሚ ሆኖ ተገኘ። ወይዘሮ ዘነበች ተነሥተው ከቤት ቁልፍ ይዘው ወጡ። የጉድጓዱን ክዳን ገጥመው ቆለፉትና ጀሪካን ይዘው ወደቆሙት ዞሩ።

«ስሙኝ! ከዛሬ ጀምሮ ይህ ውሃ አይጠጣም፣ አይበሰልበትም። አፍልቼ እጠጣለሁ ብላችሁም እንዳትሞኙ፤ ይሄ በእሳት አይሞትም። እስከ ዛሬ የጠጣችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ያጠጣኋችሁ እኔ ነኝ፤ የምነግራችሁም እኔ ነኝ።»

አንድ ሰው አጉረመረመ፣ አንዲት ሴት አለቀሰች። ነፍሰ ጡሯ ግን ጀሪካኗን አስቀምጣ ወይዘሮ ዘነበችን ትከሻቸውን ያዘቻቸው።

የሚቀጥለው ዙር

ሪፖርቴን ይዤ ሦስት ቢሮ ተመላለስኩ፤ በመጨረሻ የውሃ ቦቴ በሳምንት ሁለት ቀን መምጣት ጀመረ። የግርማም የቃልኪዳንም ደም ውስጥ ሊድ ተገኝቷል። ግርማ ሥራውን ትቶ ሕክምና ላይ ነው። የጠቆረው አፈር ባለሙያ በተገኘበት ተጠርጎ ተነሣ። በቀጣዩ ዙር ስሄድ የቃልኪዳን የሊድ መጠን መውረድ ጀምሮ ነበር። አልጠፋም፤ ሐኪሙም ክትትሉ ዓመታት ይፈጃል ብሏል። ወይዘሮ ዘነበችን ያገኘኋቸው ቦቴው ዘንድ ነው። ሰልፈኛው «እትዬ ይለፉ» እያለ መንገድ ሲከፍትላቸው ጀሪካናቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው «ተራዬን እጠብቃለሁ» አሉ። ጠበቁም።

ያን ቀን ላፍቶ ቤቴ የደረስኩት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እግሬን ዘርግቼ ስቀመጥ ባለቤቴ አንድ ብርጭቆ ውሃ አቀበለኝ። ወደ አፌ ላስጠጋው ስል ቆምኩ። በዚህ ሥራ ስንት ዓመት ስዞር የሰው ጉድጓድ፣ የሰው ቧንቧ፣ የሰው ማሳ መርምሬአለሁ። ቤቴ የሚጠጣውን ውሃ ግን አንድም ቀን አልቀዳሁም፤ እንደ ወይዘሮ ዘነበች ዓይኔን አምኜ ነው የኖርኩት።

«ምነው?» አለኝ።

«የብረቱን ጠርሙስ አምጣልኝ፤ እሱ እስከ ነገ ይቆያል» አልኩት፣ ጓንቴን እያጠለቅሁ። የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍቼ ጥቂት አፈሰስኩ፣ ሞላሁ፣ ከደንኩ። መለያው ላይ ቦታ በሚለው መስመር የራሴን ቤት ቁጥር፣ የውሃው ኃላፊ በሚለው መስመር የራሴን ስም ጻፍኩ።