በድንጋዩ ላይ ያለው ሁለተኛ ስም

ልጅ ሳለሁ፣ ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን፣ አመሻሹ ላይ ጋሽ ኢብሮ ደጅ እንሰበሰብ ነበር። ጋሽ ኢብሮ ከጦርነቱ እያነከሱ የተመለሱ ሙስሊም ጎረቤታችን ነበሩ። የማሽላ አገዳ ያነዱልናል፤ ጭሱ ትንኙን ያባርራል፤ ፍሙ ሲደምቅ ተረቱ ይጀምራል። ያኔ ሬዲዮ ያለው ሰው እንኳ ሬዲዮውን ዘግቶ ይመጣ ነበር።

ከእኛ ከልጆቹ ኋላ እማማ በላይነሽ ኩራዛቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። አንድ ልጃቸው ታደሰ የዘመተው ከጋሽ ኢብሮ ጋር ነበር። ጋሽ ኢብሮ ብቻቸውን ሲመለሱ «መንገድ ላይ ተለያየን» ብለው ነገሯቸው። ስለዚህ እማማ በላይነሽ ፍትሐትም ተዝካርም አላስደረጉም፤ በራቸውንም አይቀረቅሩም ነበር። ቄሱ ነገሩን ሲያነሱባቸው፣ «በሕይወት ላለ ሰው ምን ፍትሐት አለው?» ይሏቸዋል።

ጋሽ ኢብሮ ለወራት ያወሩልን ተረት አንድ ነበር፤ ከጦርነት ወደ አገሩ በእግሩ ስለሚመለስ ወታደር። አንድ ቀን ከጅብ ጋር ይሟገታል፣ በማግስቱ ጂኒ ውሃ ይከለክለዋል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አይደርስም።

«ጋሽ ኢብሮ፣ ይሄ ሰውዬ ከኤሊም ይብሳል እኮ!» አልኳቸው አንድ ምሽት።

«አቦ ዝም በል! አንተ ጀልዴሳ ገበያ ለመድረስ አራቴ ታርፍ የለ?»

ልጆቹ ሳቁብኝ። እልህ ያዘኝና «ይድረስ! ይድረስ!» እያልኩ ጮህኩ፤ ሁሉም ተከተሉኝ። እሳቸውም እየሳቁ፣ ሳያስቡት፣ ወታደሩን አምጥተው ከመንደራችን በታች ካለው አሸዋማ ወንዝ ዳር አቆሙት። ከማዶ የእናቱ ኩራዝ ታየችው አሉና ፍሙን ይቆሰቁሱ ጀመር። ዓይናቸውን ሲጠርጉ ጭሱ ነው ብለን ነበር።

«ኢብሮ» አሉ እማማ በላይነሽ ከኋላችን፣ «ማሻገር አቃተህ?»

«አቃተኝ፣ እናቴ።»

«የት ቀረ?»

«እጄ ላይ። ቀብሬዋለሁ።»

እማማ በላይነሽ አልጮሁም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ፊቱን ወዴት አደረግኸው?»

«ወደ ምሥራቅ፣ በእናንተ ደንብ። ጨለማ ነበር፣ ሰማዩም ደመና፤ ምሥራቁ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። ጓዶቻችን ለቀው ሄዱ። እኔ ጎሕ እስኪቀድ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። እግሬን የተመታሁት ሲነጋ ነው።»

እማማ በላይነሽ ተነሡ፤ መጥተው ተንበረከኩና ያንን እግር ሳሙት። ከዚያ በኋላ ነው ልቅሶው የተነሣው።

ፍትሐቱ ተደረገ። ሬሳ ስለሌለ፣ ድሬዳዋ የተቀረጸ እብነ በረድ በጋሽ ኢብሮ ግመል ተጭኖ ለቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ መጣ። «ወታደር ታደሰ» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ «የቀበረው ጓዱ ኢብራሂም»። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። «የሙስሊም ስም በቤተ ክርስቲያን?» አሉ አንዱ።

«እንግዲያው ድንጋዩን መልሱት» አሉ እማማ በላይነሽ። «ልጄን ያለ ቀባሪው ብቻውን አላቆመውም።»

ቄሱ ድንጋዩን ሲያዩ ቆዩና ሲሚንቶው እንዲቦካ አዘዙ። ጋሽ ኢብሮ ከቅጥሩ ውጭ ነበሩ፤ ጫማቸውን ግን አውልቀው ነበር።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ማረስ እንጂ ማውራት አይሆንልኝም፤ ልጆቼም ያውቁታል። የጅቡንና የጂኒውን ተረት ረስቼዋለሁ። አብሮኝ የቀረው ሌላ ነው፤ ሁሉም ጥለውት ሲሄዱ፣ የራሱ ላልሆነ ደንብ ብሎ፣ ብርሃን እስኪመጣ ሬሳ አጠገብ የተቀመጠ ሰው። አንድን ነገር አጣድፌ ልገላገለው ስል እሱ ትዝ ይለኛል፤ እጄን ሰብስቤ እቀመጣለሁ።